ከድር ወደ ድር

ዉጅ ማለት ጀልባ ነው በፖላንድኛ ቃል፤
ወንዟ ከመሬት ሥር ተቀብሮ ይሄዳል።
በሃያ ዓመቴ ሻንጣ ይዤ ስገባ፣
ውኃውን ፈልጌ አጣሁ፤ ብቻዋን ናት ጀልባ።

የመጣሁት ለድር ነው፤ ለጥጥ፣ ለሱፍ ድር፣
ፋብሪካ ገብቼ ሽመና ልማር።
በቀይ ጡብ አዳራሽ፣ በሦስተኛው ፎቅ፣
ቁጥር መቶ አሥራ አራት መኪናዬን ስጠብቅ፣
መወርወሪያው ሲሮጥ፣ ጆሮዬ ሲደነቁር፣
ማጉ ከድሩ ጋር ሲጣላ፣ ሲፋቀር፣
አንድ ዓመት ከመንፈቅ።

ከዚያ አገሩ ተገለበጠ፤
ጨርቁ ገዢ አጣ፣
መኪናዬም በኪሎ ለብረት ተሸጠ።

ሆድ ግን ሥራ አይፈታም።
ካልሲ ሸጥኩ በረንዳ ላይ፣ በረዶ ጫማዬ ገብቶ፤
ታክሲ ነዳሁ፤ አንዱ ሰካራም ዘረፈኝ፣ አልቅሶ ግማሹን ትቶ።
የሬሳ ሣጥን ቀባሁ፣ እንጉዳይ ለቀምኩ፣ ግድግዳ ለሰንኩ፤
ውኃ በሌለው ከተማ፣ ፊልም ላይ፣
ባሕረኛ ሆኜ ሁለቴ ሰመጥኩ።
በሠላሳ ስድስቴ የሌሊት ዘበኛ፣
ያውም የዚያው ፋብሪካ፤ እኔም እሱም ዝምተኛ።

ዘበኛ ቤት ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር፣
ማራገቢያው እንደ ንብ ሌሊቱን የሚዘምር።
የባቡር ሰዓት ላይ፣ ገጹን ከፍቼ፣
ጣቴን አዳለጠኝ፤ ገበሩን አየሁት ሳላስብ ገልብጬ።

ሸማኔ ጨርቅ ሲገዛ ፊቱን አያምንም፤
ይገለብጠዋል።
እኔም ያን ሌሊት ከገጹ ጀርባ
ቋጠሮውን አየሁ፦ የሚከፈት፣ የሚዘጋ፣
አንዱ አንዱን ያዘለ።
«ይሄማ ድር ነው» አልኩ፤ ስለው ስለው ነጋ።
ኋላ በቋንቋዬ «ድረ ገጽ» ሲሉት ሰምቼ፣
ብቻዬን ሳቅኩ፤ ለካ ከድር አልወጣሁም ሸሽቼ።

መምህሬ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ፣ ባራት ዝሎቲ ካሮጌ ተራ፤
ገጽ ሃምሳ ሁለት የለም፤ እሱን በዳበሳ ስሠራ፣
ሦስት ሌሊት ሙሉ እምቢ አለኝ ሥራዬ፣ ነጭ ሆኖ፤
ስሰድበው፣ ስለምነው፣ እንደ በቅሎ ደንድኖ።
በአራተኛው አየኋት የጎደለችውን፦
አንዲት ድርብ ሰረዝ!
አቶ ደምመላሽ፣ ሥርዓተ ነጥብ በኩርኩም ያስተማሩኝ፣
ዉጅ ድረስ ተከትለው እንደገና ቀጡኝ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ወይዘሮ ሃሊና፣ ቁልፍ ሻጭ፤
የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ ዘጠኝ ሺህ ቁልፍ በመሳቢያቸው ውስጥ።
ሱቃቸውን በመስታወቱ አይተው «የቱን ልጫን?» አሉ።
«ቁልፉን» አልኳቸው።
«ልጄ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ቁልፍ ነው» ብለው ሳቁ።
ክፍያዬ አንድ ማሰሮ የኮመጠጠ ኪያር፣
እና ካፖርቴ ላይ በጎደለው ቦታ
በእጃቸው የተሰፋ ቡናማ የቀንድ ቁልፍ።

ቆይቶ አንድ ድርጅት ጠራኝ።
ጠያቂው ራዶስዋቭ፣ ጺሙ ገና የበቀለ፣
«መንገድዎ ለምን እንዲህ ጠመመ?» አለ።
«መወርወሪያ አይተህ ታውቃለህ?
ቀኝ ይሄዳል፣ ግራ ይመለሳል፤ የባከነ ይመስልሃል።
ጨርቁ ግን ወደ አንድ ወገን ያድጋል።»
አልገባውም። ቀጠረኝ ግን፤ ምናልባት ሰው አጥቶ።

ዛሬ ቢሮዬ እዚያው ጡብ ቤት ነው፣ ሦስተኛው ፎቅ፤
ከጠረጴዛዬ ሥር የዘይት እድፍ አለ፣ በሳሙና የማይለቅ።
ወጣቶቹ «ምንጣፍ እናልብሰው» ይላሉ። አልፈቅድም።
ለምን እንደሆነም አልነገርኳቸውም።

ወይዘሮ ሃሊና ካረፉ አራት ዓመት፤ ሱቁ ፀጉር ቤት ሆኗል።
ገጻቸውን ግን አልዘጋሁም፤ ኪራዩን በየዓመቱ እከፍላለሁ፣
ለምን ብትሉኝ መልስ የለኝም።
ትላንት ሌሊት ትእዛዝ ገባ፣ ከሽቸቺን፣ ከማላውቃት ሴት፦
«ሁለት የቀንድ ቁልፍ፣ ቡናማ፣ ለአባቴ ካፖርት።»
መሳቢያቸውን ከአልጋዬ ሥር ሳብኩ፣
አንዱን አገኘሁ።
ሁለተኛውን
ከራሴ ካፖርት ላይ ፈታሁ።